አንድ ሰው ተኩል

አክስቴ ከኮሌጁ በር አጠገብ ባለችው ሱቋ የምረቃ ጋውን ትሰፋለች። የሰፈሩ ሰው ግን ልብስ ሰፊ ብሎ አይጠራትም፤ «ተማሪዋ» ነው የሚላት። ሥጋ ሻጩም፣ ፋርማሲስቷም፣ የአውቶቡስ ሹፌሩም እንደዚያው። «ተማሪዋ፣ ይችን ሱሪ አሳጥሪልኝ» ይሏታል። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ሬጅስትራሩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱም ቢሆን የሚፈልጋት በመታወቂያ ቁጥሯ ነው።

ሱቋ ጠባብ ናት። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም መቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ ካውያ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ከጣሪያ እስከ ወለል ጥቁር ጋውን። ሌላ ሰፊ ጨርቅ እንዳይንሸራተት ያገኘውን ብረት ይጭንበታል፤ አክስቴ የምትጭንበት ግራናይት ነው። ከጠመኔዋ አጠገብ ባዛልት ተቀምጧል፤ ክሯ የሚጠመጠመው አንድ ጠባብ ኳርትዝ ላይ ነው። ደንበኛ አንዱን ድንጋይ አንስቶ «ምንድነው ይሄ?» ያለ እንደሆነ አለቀለት። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው የምድርን ዕድሜ ሰምቶ ይወጣል፤ ሱሪው ግን አላለቀም።

እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ። የምሠራበት ማተሚያ ቤት ሲዘጋ «ሌላ ሥራ እስካገኝ» ብዬ መጣሁና ካውያውን ያዝኩ። ያኔ አክስቴ ተማሪ ልትሆን ትንሽ ነበር የቀራት። ካውያውን እስካሁን አልለቀቅኩም፤ ሥራም የሚፈልገኝ አልመጣም።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የጎደለ ሰው ነው። ኮሌጃችን ትንሽ ነው፤ ኮረብታው ላይ ደግሞ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ አለ። የመንግሥትን የከፍተኛ ትምህርት በጀት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ ለሁሉም ያከፋፍላል፤ የሚያከፋፍለውም በቀመር ነው። ቀመሩ ተማሪ ይቆጥራል፤ ነገር ግን ሰውን ሁሉ እኩል አያይም። የሕክምና ተማሪ ሦስት ሰው ነው። የምህንድስና ተማሪ ሁለት ሰው ነው። ቋንቋና ታሪክ የሚማር አንድ ሰው ነው፣ ያውም ደግ ደጉን ሲያስቡለት። ጂኦሎጂ የሚማር ላብራቶሪና መዶሻ ስለሚያስፈልገው አንድ ሰው ተኩል ነው። አንድ የትምህርት ክፍል ከአሥራ ሁለት ተማሪ በታች ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይቆጠርም፤ ይዘጋል። መምህራኑ ይበተናሉ፣ ድንጋዩ ሁሉ በጭነት መኪና ወደ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ድንጋይ አጥቶ አያውቅም፤ ግን ላለው ይጨመርለታል።

የጂኦሎጂ ክፍል ኃላፊ አንድ ቀን ለተመራቂዎቹ ጋውን ሊረከብ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ይቅርታ የጠየቀ የሚመስል ሰው ነው። ጋውኖቹን ቆጠረ፤ ደግሞ ቆጠረ፤ አልሄደም።

«እትዬ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰዋል አይደል?»

«ጨርሻለሁ። ምነው ዶክተር፣ ጋውን ጎደለ?»

«ጋውንስ ሞልቷል። የጎደለው ሰው ነው።»

አስረዳት። ዘንድሮ የተመዘገቡለት አሥራ አንድ ናቸው። እሷ ብትመዘገብለት የትምህርት ክፍሉ ይተርፋል። ማጥናት አይጠበቅባትም፤ ከሚኒስቴር ቆጣሪዎች በሚመጡበት ቀን ክፍል ገብታ ቁጭ ማለት ብቻ ነው።

«ቁጭ ማለት ከሆነማ እዚህም ውዬ የማድረው ቁጭ ብዬ ነው» አለች አክስቴ፤ ተመዘገበችም።

ችግሩ የመጀመሪያው ቀን ነው። ቆጣሪዎቹ እስኪመጡ ብላ ክፍል ገባች። መምህሩ ከኮሌጁ በር ወደ ታች የሚወርደው መንገድ ዳር ያለው ቀይ ገደል ድሮ የሐይቅ ወለል እንደነበረ ተናገረ። አክስቴ በዚያ ገደል ሥር ወጣትነቷን ሙሉ ስትመላለስ ኖራለች፤ ትዝ የሚላት በዝናብ ጊዜ ጫማዋን ማበላሸቱ ነው። ከሰዓት ሱቁን ዘግታ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ጣቷን በገደሉ ላይ እየጎተተች፣ «ይሄውልሽ፣ ይሄ ሁሉ ውሃ ነበር። ዓሣ ነበረበት» አለችኝ። እኔ ያየሁት አፈር ነው። እሷ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ አቧራው ነው ብትለኝም አላመንኳትም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ክፍል አልቀረችም። ጠዋት ትማራለች፣ ከሰዓት ትሰፋለች፣ መሸት ሲል ድንጋይ ታጥባለች። በመስክ ጉዞ ጊዜ መዶሻ ይዛ ከልጆቹ ፊት ትወጣለች። እናቴ በስልክ «እህቴ አበደች እንዴ?» ትለኝ ነበር፤ «አላበደችም፣ ተቆጠረች እንጂ» እላታለሁ። ቆጣሪዎቹ በሚመጡ ጊዜ አክስቴ የክት ቀሚሷን ለብሳ የፊቱ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ከቆጣሪዎቹ አንዱ በእስክሪብቶው ወደሷ ጠቁሞ «አንድ ተኩል» ይልና ወደሚቀጥለው ያልፋል። «በመንግሥት ሒሳብ አንድ ሰው ተኩል ነኝ፤ አውቶቡስ ላይ ግን ግማሽ ወንበር አጥቼ ነው የምቆመው» እያለች ታሾፋለች።

አራተኛው ዓመት ሲደርስ ሁሉንም ኮርስ አልፋ አንድ ጂኦፊዚክስ ቀራት። የራሷን ጋውን ሰፍታ ጨርሳለች። ለሌላው ሁሉ በመኪና የምትሰፋውን አንገት ለራሷ በእጇ ነው የሰፋችው። ኃላፊው መጣ። ቆመ። ጋውኑን አየ። መሬት መሬት እያየ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ከተመረቁ አሥራ አንድ ቀረን» አላት።

አክስቴ መርፌዋን የያዘችው ጨርቅ ላይ ሰክታ ተወችው።

«አንዷን ኮርስ ለዘንድሮ ብቻ ቢተዉልን። ለሚቀጥለው ዓመት ሰው እናገኛለን።»

እንዲህ ሆኖ ነው የባዶ ወረቀቱ ወግ የተጀመረው። አክስቴ ፈተና ክፍል ትገባለች፤ ስሟን አሳምራ ትጽፋለች፤ ሌሎቹ የመጀመሪያውን ጥያቄ አንብበው ሳይጨርሱ ወረቀቷን አስረክባ ወደ ሱቋ ትመለሳለች። በሚቀጥለው ዓመትም ሰው አልተገኘም። በሚቀጥለውም። ደንቡ ሦስት ጊዜ የወደቀ ተማሪ ይባረራል ይላል፤ ኃላፊው ደንቡን የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴው እስከ ዛሬ እያጠና ነው። ጋውኑ በጀርባው በኩል ካለው ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ደንበኛ «ያ የማነው?» ሲላት «የኔ ነው። መመረቅ አቅቶኝ እንዳይመስልህ፤ ሆን ብዬ ነው የምተወው» ትላለች። ስድስት ዓመት እንዲህ አለች። ላም አለኝ በሰማይ ነበር ነገሩ፤ እኔም ሳልቀር ወተቱን ያየሁት ይመስለኝ ነበር።

የጂኦፊዚክስ መምህርቷን ተማሪዎቹ «ብረቷ» ነው የሚሏት። ግማሽ ነጥብ እንኳ ጨምራ አታውቅም፤ ለወንድሟ ልጅም አልጨመረችም ይባላል። በአክስቴ ባዶ ወረቀት ላይ በየዓመቱ ዜሮ ታኖርና መንገድ ላይ ሲገናኙ «ደህና ዋሉ» ብላ ታልፋለች። አንድም ቀን ለምን ብላ አልጠየቀቻትም።

ከዚያ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሰዎች ተቀየሩ፤ ሰዎች ሲቀየሩ ቀመሩም ይቀየራል። አዲሶቹ፣ ለተመዘገበ ተማሪ የሚከፈል ነገር የለም፣ የሚከፈለው ለተመረቀ ነው አሉ። በዚያ ላይ፣ ትምህርቱ ከሚፈጀው ዓመት በላይ የቆየ ተማሪ ካለ ከኮሌጁ ድርሻ ላይ ይቀነሳል። አንድ ሰው ተኩል የነበረችው አክስቴ በአንድ ሰርኩላር ከዜሮ በታች ሆነች።

ኃላፊው ያን ቀን ሳይቆም እየሮጠ ነው የመጣው።

«እትዬ፣ ዘንድሮ ይለፉልን! ካላለፉልን ያለቅነው በርስዎ ነው።»

«እስከ ዛሬ የኖራችሁትም በኔ ነው» አለች አክስቴ፤ ፊቷ ግን በርቶ ነበር። እሱ ገና በሩን ሳይወጣ ጋውኑን ከሚስማሩ አወረደችው። አቧራውን አራግፌ ተኮስኩት። ለሥጋ ሻጩ ነገረችው፣ ለፋርማሲስቷ ነገረቻት፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ ሲያልፍ ጥሩንባ ነፋላት። እናቴ የአውቶቡስ ቲኬት ቆረጠች። ማንም ስለ ፈተናው አላነሳም። መብቷ ሆኖ የቆየ ነገር ነው፤ እጇን ዘርግታ መውሰድ ብቻ ነው የቀራት።

የፈተናው ቀን እንደ ልማዷ ቶሎ ትመለሳለች ብዬ ሻይ አፈላሁ። አልመጣችም። ሻዩን አሞቅኩት። ተማሪዎቹ ወጥተው አለቁ። በመጨረሻ የመጣችው እሷ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠችና የአንድ ልጅ እጅጌ መስፋት ጀመረች። እጅጌው ተገልብጦ ነበር። አልነገርኳትም።

ውጤቱ ሲለጠፍ ያገኘችው አሥራ ስምንት ነው፤ ከመቶ።

ኃላፊው መጣ፤ ወንበር ሳይሰጡት ተቀመጠ። «እትዬ፣ ምናልባት አልተግባባን ይሆናል። ዘንድሮ እኮ እንዲያልፉ ነበር የለመንኩዎት።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ሆን ብለው…»

«ሆን ብዬ አይደለም።»

ኃላፊው ያልገባው ሰው መስሎ አያት። ቀስ ብሎ ገባው። ለእኔም ያኔ ነው የገባኝ። ጋውኑ ተተኩሶ ከበሩ አጠገብ ተሰቅሏል፤ ሦስታችንም እሱን ላለማየት ድንጋይ ድንጋዩን አየን። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ አክስቴ ግን እንደምትፈራው ራሷም አታውቅም ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ሆን ብዬ ነው የምተወው ስትል የኖረችው፣ ሞክራው ቢሆን ኖሮም የማታልፈውን ነው።

እሱ ሲወጣ አለቀሰች። ድምፅ አውጥታ፣ አፍንጫዋን በጥቁር ቁራጭ ጨርቅ እየጠረገች፣ እንደ ልጅ አለቀሰች። «ለሰው ሁሉ ነግሬ! ለሹፌሩ እንኳን ነግሬ!» ትላለች። እኔ ያን የተገለበጠውን እጅጌ ይዤ መተርተር ጀመርኩ። በሕይወቴ ለሰው እንደዚያ ያዘንኩበት ቀን የለም።

ኃላፊው ግን እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። ብረቷ ዘንድ ሄዶ ስለ ትምህርት ክፍሉ፣ ስለ ቀመሩ፣ ስለ ድንጋዩ ነግሯታል። ምን እንደመለሰችለት አላወቅንም፤ በማግስቱ ግን ራሷ ሱቃችን መጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ደፍ የረገጠችው። የፈተና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ አክስቴ ሳታስበው ግራናይቱን ጫነችበት።

«ነጥብ እንድጨምርልዎት ተጠይቄያለሁ» አለች ብረቷ። «ጨምሬ አላውቅም። ከፈለጉ ግን እጨምራለሁ፤ ትምህርት ክፍሉ ቢዘጋ እኔም ሥራ የለኝም።»

አክስቴ ጻድቅ አይደለችም። «ጨምሪልኝ» አለች ወዲያው።

ብረቷ ቀይ እስክሪብቶዋን ከፈተች። ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። አክስቴ በላይዋ ላይ አጎንብሳ እያየች፣ «ቆይ ቆይ፣ እዚህ ሦስተኛው ላይ የቱ ጋ ነው የሳትኩት?» አለች።

«ስሌቱን አልሳቱም። ቁጥሩን የወሰዱት ከሌላው ዓይነት ድንጋይ ነው።»

«ከየትኛው?»

«ከዚህ» አለች ብረቷና ባዛልቱን አነሳችው።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሙሉ በሙሉ መናገር አልችልም፤ ስላልገባኝ። ሁለቱ ጠረጴዛው ላይ ተደፉ። ድንጋዮቹን ደረደሯቸው፤ በጠመኔ ጥቁሩ ጨርቅ ላይ መስመር አሰመሩ፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ በየቱ ድንጋይ ውስጥ እንደሚፈጥንና በየቱ እንደሚያዘግም ብረቷ በሜትር እየለካች አሳየቻት። የተሰመረበት ጨርቅ የደንበኛ ጋውን ነበር። ሥጋ ሻጩ ሱሪውን ሊወስድ መጥቶ «ነገ ና» ተባለ። ብረቷ ልትሄድ ስትነሳ እስክሪብቶዋን ክዳኑን አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስለ ነጥቡ ማንም አላነሳም፤ እኔ ላነሳ ነበር፣ አክስቴ በዓይኗ ገላመጠችኝና አፌን ያዝኩ።

በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች ብረቷ። «ባዶ ወረቀት ማረም ቀላል ነው፤ ስድስት ዓመት ምንም አላደከሙኝም። ይሄኛውን ሳርም ግን ዋልኩ።» ድጋሚ ፈተና የሚሰጥበትን ቀን ነግራት ሄደች።

እስከዚያ ድረስ አክስቴ ጋውን አልሰፋችም ማለት ይቻላል። እኔ ጠርዝ ማጠፍ ተማርኩ፤ ያጠፍኩት ጠርዝ በምረቃው ቀን ደረጃ ላይ የስንቱን ተመራቂ እግር እንደጠለፈ አልናገርም። ብረቷ በየሁለት ቀኑ ትመጣለች፤ ሻይ ትጠጣለች፤ ትቆጣለች። አክስቴ አንድ ቀን «ይሄን ያወጣው ሰው እጁ በተሰበረ» ብላ ደብተሯን ወረወረችው። ራሷ አንስታ፣ አራግፋ፣ ደግሞ ተቀመጠች።

ሃምሳ አንድ አገኘች። ማለፊያው ሃምሳ ነው። ብረቷ ያን አንድ ነጥብ ጨምራላት ይሆናል ብለው የሚያሙ አሉ፤ ብረቷን ስለማያውቋት ነው።

የምረቃው ቀን ጠዋት ጋውኗን ለበሰች፤ አልገባ አላት። የሰፋችው ድሮ ነው፤ እሷ ደግሞ ቁጭ ብላ የምትሠራ ሴት ናት። ለከተማው ምሩቅ ሁሉ በዓይኗ ለክታ የምትሰፋ ሴት የራሷ ጋውን ጠበባት። እናቴ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወደ ውጭ ወጣች። አክስቴ በውስጥ ልብሷ ቁጭ ብላ ሁለቱንም ጎን ተረተረችው፤ እኔ ከቁራጭ ጨርቅ ቀጠልኩበት፤ ዲግሪዋን ልትቀበል ስትሄድ ብብቷ ሥር አዲሱ ጥቁርና አሮጌው ጥቁር ይለይ ነበር። ኃላፊው ከሁሉ በላይ አጨበጨበ። ያን ዓመት የትምህርት ክፍሉ ተረፈ። የሰፈሩ ሰው ለአንድ ሳምንት «ምሩቋ» ሲላት ከረመ፤ ከዚያ ተመልሶ «ተማሪዋ» አላት።

ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሰዎች ተቀየሩ። እነዚህኛዎቹ የተመራቂ ቆጠራ ኮሌጆችን ዲግሪ እንደ ሎሚ እንዲያድሉ አደረጋቸው አሉና የተመዘገበን ወደ መቁጠር ተመለሱ። ኃላፊው ሱቃችን መጣ። ጋውን ቆጠረ፤ ደግሞ ቆጠረ። አክስቴን አየ፤ እሷ ከእንግዲህ አትሆንም። ዞሮ ካውያ የያዘችውን አየ።

ይኸው አራተኛ ዓመቴ ነው። እስካሁን የወሰድኩትን ሁሉ አልፌያለሁ፤ ድንጋይም እወዳለሁ፣ ያ ገደል ሐይቅ እንደነበር አሁን ለእኔም ይታየኛል። ባለፈው ኃላፊው መሬት መሬት እያየ አንዷን ኮርስ ለዘንድሮ ብቻ ብተውለት ብሎ ጠየቀኝ። እሺ አልኩት። ማታ እራት ስንበላ ለአክስቴ ነገርኳት።

«የቱን ልትተዪ ነው?»

«ጂኦፊዚክስን።»

ጉርሻዋን አኘከችና ጨረሰች። «ለምን እሱን?»

«እንዲሁ። ሆን ብዬ ነው እንጂ አቅቶኝ እኮ አይደለም» አልኩ። አፌ ላይ እንዳለ ራሴው ሰማሁት።

አክስቴ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። «ባዶ ወረቀት የሰጠ ሰው አይወድቅም» አለች። «እኔ ስድስት ዓመት አልወደቅኩም። ብወድቅ አንዴ ነው፤ የተማርኩትም ያኔ ነው።»

«ትምህርት ክፍሉስ? ቢዘጋስ?»

«ትምህርት ክፍሉ ሰው ነው የሚፈልገው። ሰው ደግሞ ሞልቷል።»

እውነቷን ነው መሰለኝ። ኃላፊው ሰሞኑን ፊት ለፊታችን ካለው የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ጋር ሻይ መጠጣት ጀምሯል፤ አክስቴ ናት ያስተዋወቀቻቸው። ሰውዬው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሷል፤ ቁጭ ማለትም ይችልበታል።

ዛሬ ከሰዓት ከገበያ ስመለስ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ የተቆረጠ ጥቁር ጨርቅ አገኘሁ፤ ግራናይቱ ተጭኖበታል። ትከሻውን ሳየው የእኔ ልክ ነው። አክስቴ አንገቱን ሳትሰፋ አጣጥፋ አስቀምጣዋለች። ፈተናው ነገ ጠዋት ነው። ከሦስተኛው ምዕራፍ ወዲያ ያለው አንድም አይገባኝም፤ ይሄንን ካወቅኩ ቆይቻለሁ፣ ለማንም ግን ተናግሬ አላውቅም። ፈርቻለሁ። ሁለት እስክሪብቶ ገዝቻለሁ፤ አንዱ ቢያልቅብኝ ብዬ።